መነሻው ማን ይሁን

ቺሎኤ ደሴት ላይ ዝናቡ አያባራም፤
የማን ጣሪያ ይሆን ብሎም አያጣራም።

ምድጃው አጠገብ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
ተቀምጣለች ኤደልሚራ ኦያርሱን
የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ሊያልቅ።
አራት የባሕር ወሽመጥ፣ ገመድ ላይ ያደገ ዛጎል፣
በእጇ የለካችው፣ ከየአንዱ አርባ፣ አንድ እንኳን ሳይጎድል።
አዌልኮ፣ ኮይሞ፣ ሊንካይ፣ ዩታል፤
አራት ስም በአንድ ዓምድ ተደርድሮ ይታያል።

ትእዛዙን ጽፋ አስገባች፤ ሰንጠረዡ መጣ።
ሦስት መስመር ብቻ! አራተኛው የት ወጣ?
አዌልኮ የለችም፤ ስሟ አልሰፈረም፤
ጠፍታ ግን አይደለም፣ ተረስታም አይደለም፤
ከላይ፣ «መነሻ» የሚል ቃል በተጻፈበት
ገብታ ተቀምጣለች፣ እንደ ዳኛ በችሎት።
ኮይሞ ከእርሷ በአንድ ሚሊሜትር ትበልጣለች፣
ሊንካይ ከእርሷ በአራት ነጥብ ሁለት፣
ዩታል ከእርሷ በአንድ ታንሳለች።
ሁሉም በእርሷ ይለካል።
እርሷን ማን ይለካል?

ሚዛን ላይ የወጣ ክብደቱ ይነገራል፤
ሚዛኑን የያዘ ስሙ ይሰወራል።

ማን ሾማት? ውሃዋ ከሁሉ ጠርቶ ነው?
ዛጎሏ ወፍሮ፣ ወይስ ገመዷ ረዝሞ ነው?
ፊደል ነው የሾማት። ስሟ በ«አ» ጀመረ፣
ማሽኑም በፊደል ተራ ቆጠረ።
በእኔ ሀ ሁ ቢሆን ሊንካይ በነገሠች፣
አዌልኮ ከኋላ ወረፋ በያዘች።

ከዩታል የመጣው ኒባልዶ ካርካሞ
ከጀርባዋ ሆኖ አየው፣ ቆሞ ቆሞ፣
ከቦቲው የሚንጠባጠበው ወለሉን እያራሰ።
«እኔ» አለ «አዌልኮን በዓይኔም አላየኋት፣
ሰሜን ናት፣ በጀልባ ስድስት ሰዓት ናት።
የአባቴ ገመድ የተጣለው ዩታል ጨው ውስጥ ነው፤
በማላውቃት ውሃ የምለካው ለምንድን ነው?
የምጠይቅሽ ሌላ ነው፦ ለወንዝ አፍ የቀረብነው ሁለታችን
ከሁለቱ ከራቁት ይሻል ይሆን ዛጎላችን?»

እጇን ከቁልፎቹ አነሣች። ሳታስብ የተቀበለችው
ነባሪ ምርጫ ነበር፤ ማንም ያልመረጠው።
ሁለት ዓመት ለካች፤ ምን ልጠይቅ ሳትል።

የጋዝ ደረሰኝ ገልብጣ በእርሳስ ጻፈች፦
ለሊንካይ ግማሽ፣ ለዩታል ግማሽ፤
ለአዌልኮ ከዜሮ በታች ግማሽ፣
ለኮይሞም እንዲያው፣ ከዜሮ በታች ግማሽ።
ደመረችው። ዜሮ። ሚዛኑ እኩል ቆመ፤
ማንም አልነገሠ፣ ማንም አልከሰመ።

«ለአራት ወሽመጥ» አለችው «ሦስት ጥያቄ ነው የሚፈቀድ፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ከሦስቱ ነው የሚወለድ።
አንዱ ያንተ ሆነ። ሁለተኛው የእኔ፣ አዌልኮ ከኮይሞ።
ሦስተኛውንም ምረጥ።»
ኒባልዶ ጺሙን ዳሰሰ። «ዩታልን ከሊንካይ» አለ።
«አማቴ ሊንካይ ነው ያለው።»

አንድም ዛጎል ከቦታው አልተነካም፣
ያ ሁሉ ልኬት፣ አማካዩም፣
ያው ነበር፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።
ሰንጠረዡ ዳግም ወጣ፤ መስመሮቹ ሦስት።
የወንዝ አፍና የሩቁ፦ ልዩነት አንድ ሚሊሜትር፣
ስሕተቱ ግን ከልዩነቱ ይሰፋል፤
«አይታወቅም ማለት ነው» አለችው።
«አለማወቁስ ቢሆን» አለ፣ «የራሳችን ይሁን።»
አዌልኮና ኮይሞ፦ እዚህ ግባ የማይባል።
ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ጣቷ ዘገየ።
አምስት ነጥብ ሁለት። ስሕተቱ ጠባብ። ለሊንካይ።

ኒባልዶ ኮፍያውን አደረገ።
«ያቺን መስመር እንኳ ሰርዢያት፤
በቀድሞው ሰንጠረዥ ከአማቴ ጋር ፊት ለፊት አልቆምኩም ነበር።»

«መርጠሃል» አለችው፣ ዓይኗን ሳትነቅል፤
ውጭ ዝናቡ የሰሜኑንም የደቡቡንም ጣሪያ ይደበድባል።