ቀኑ ያልተጻፈ ድንጋይ

ሙያዬ ድንጋይ ነው፤ ፋሲካ ሲመጣ ትንሽ ያሠጋኛል፣
መልአኩ ድንጋዩን ገፍቶ፣ እላዩ ተቀምጦ፣ ሥራ ያስፈታኛል።

በቺያቱራ ሸለቆ፣ ማንጋኒዝ ባጠቆረው ወንዝ ዳር፣
የገመድ ሣጥኖች ዝገው ከሰማይ በተንጠለጠሉበት ሰፈር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ፈለፈልሁ ከጥቁር ድንጋይ፤
ጢሙን፣ ቆቡን፣ ዐይኑን፤ የሣቀም እንደሆን ከነጥርሱ እንዲታይ።

ናዚብሮላ መጣች፤ አሥራ አንድ ዓመት አለፈው።
ፎቶ በመሐረብ ጠቅልላ፤ ልጇ ማልኻዝ ነው፣
በምረቃው ዕለት የተነሣው።
«ይህን ፊት ቅረጽልኝ» አለች። ቀረጽሁት።
«የተወለደበትን ቀን ጻፍ።» ጻፍሁት።
«የሞተበትንስ?» ብላት
ከንፈሯ ደረቀባት፤
«እሱን ተወው» አለች፣ «ሣጥኑ ባዶ ነው።
ከጉድጓዱ ያላወጡትን፣ ማን አየሁ ብሎ ነው ሞተ የሚለው?»
ሁለት ጣት የሚያህል ልሙጥ ቦታ ትቼ
ሄድሁ፣ ዋጋዬን ቈጥሬ፣ መዶሻዬን አንሥቼ።

ባዶ መቃብር በእኛም መንደር አለ እንግዲህ።
የጌታው ባዶ መቃብር ሴቶችን አስሮጠ፣
የማልኻዝ ባዶ ግን አንዲት እናት አስቀመጠ።

ቄሱ በእኩለ ሌሊት፣ ጧፍ ይዞ፣ «ክርስቶስ ተነሣ» ይላል፤
ሕዝቡ «እውነት ነው፣ ተነሣ» ብሎ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል፤
እሷ ዝም።
ቫሊኮ፣ የፈረቃው አለቃ የነበረው፣
በዚያ ቀን «ጣሪያው ደኅና ነው፣ ግቡ» ያለው፣
ከዓምዱ ጀርባ ቆሞ ይመልስ ነበርና፣
አንድ ቃል ከእሱ ጋራ ላለመካፈል
ጧፏን አጥፍታ ትወጣለች፣ በጨለማው መሐል።

እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አምናለሁ እንጂ አላስብበትም ነበር፤
ትንሣኤ ለእኔ የቀይ እንቍላል፣ የወይን፣ የዘመድ ነገር፤
ወይም ሩቅ፣ በመጨረሻው ቀን፣ መለከት ሲነፋ፣
የጠረብሁት ሁሉ ሲሰነጠቅ፣ ድካሜ ሲጠፋ።

ዘንድሮ፣ በማግስቱ ሰኞ፣ እንደ አገሩ ወግ
ሰው ሁሉ ወጣ ወደ መቃብሩ፣ ወደ ሙታን ጥግ፤
በሥር ቀለም የቀላ እንቍላል በሣሩ ላይ ሊያንከባልል፣
ወይን ለሟች ሊያፈስ፣ «ተነሣ» ሊባባል።
ናዚብሮላ በሣህን ያበቀለችው ስንዴ፣ ጣት ያህል ያደገ፣
ከድንጋዩ እግር ሥር አረንጓዴ ሆኖ ተደረገ።
እንቍላሏን ለቀቀችው። ቍልቍለት ነውና አልቆመም፤ ወረደ፣
ከአጥሩ ውጭ፣ ከቫሊኮ ጫማ ሥር ሄደ።
(በየዓመቱ እዚያ ነው የሚቆመው። ገብቶ አያውቅም።)
ጐንበስ ብሎ አነሣው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሳንባው ያፏጫል፤
«ክርስቶስ ተነሣ» አለ፤ ወይስ ሳለ? ማን ይለየዋል።

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ፤ ውሻ እንኳ ጮኸ በመሐሉ።
ከዚያ፣ ሳታየው፣ «እውነት ነው» አለች። ያ ነው በቃ፣ ሙሉ ቃሉ።
አልተቃቀፉም። ይቅርታ የሚል ቃልም አልሰማሁ።
እንቍላሉን ተቀብላ ሰነጠቀች፣ ግማሹን ሰጠችው፤ እሱን ግን አየሁ።

ወደ እኔ ዞረች፤ «መሮህን አምጣ» አለች፣ «ቀኑን ጻፍ።»
«ዛሬ? በበዓል?»
«ዛሬ። አትለፍልፍ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልሞተም ብዬ ሞቱን ከለከልሁት፤
ያልሞተ አይነሣም። እኔ ነኝ የያዝሁት።»

ተንበረከክሁ። ያ ልሙጥ ቦታ ወደ ፊቴ ቀረበ፤
ስንት የሞት ቀን ጽፌአለሁ፣ እጄ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ እንዲህ አላበ።
የመጀመሪያውን ቍጥር ስመታ፣ ነጭ ብናኝ ከድንጋዩ ተነሣ፤
ሄዶ በስንዴው ቡቃያ ላይ ዐረፈ።
እፍ ልለው ስል፣
«ተወው» አለች፤ «ዝናብ አለ ለሱ።»