ነጯ ቀስት

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣
በሬ ተንኳኳ፤ ወጣሁ ስንገዳገድ።
የወይዘሮ ትርንጎ የልጅ ልጅ ነው፣ ደጄ ላይ ቆሞ፣
ጫማው ውሃ አዝሎ፣ ድምፁ ሳግ ተሸክሞ።
«አረፉ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል ከየት ይውጣው?
የእድር ጸሐፊ ቤት በዚህ ሰዓት ሌላ ምን ሊያመጣው?

ድሮ ቢሆን ካዛንቺስን አንድ ጡሩምባ ይበቃት ነበር፤
ዛሬ ነፊው ራሱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ አያት ነው የሚያድር።
አሁን ሰው የሚጠራው በስልክ ነው፣ በዝርዝር፤
መቶ አርባ ሰባት አባል፣ ከነስሙ፣ ከነቁጥር፣
ማን ለድንኳን፣ ማን ለወንበር፣
ሁሉም ያለው እዚያ ነው፣ ካልጋዬ ትይዩ፣
ዳንቴል ለብሶ በተቀመጠው ኮምፒውተር።

ዳንቴሉን አነሳሁ፤ ማብሪያውን ነካሁት፤
ማራገቢያው ጮኸ፤ ቆሜ ጠበቅሁት።
«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ በትህትና፣
ከዚያ ጨለመብኝ፤ ዝም አለ እንደገና።

ጥቁር። ከጥግ እስከ ጥግ።
አንዲት ነጭ ቀስት ብቻ፣ መዳፌ ስር ያለች፣
ወዲህ ስላት ወዲህ፣ ወዲያ ስላት ወዲያ፣ ትንቀሳቀሳለች።

አጠፋሁ፤ አበራሁ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ።
እንደ ድሮ ሬዲዮ በጥፊ መታሁት፤ ለመንኩት፤ ያዘኝ ትካዜ።
ለካ ትናንት ማታ «እየታደስኩ ነው፤ አታጥፉኝ» እንዳለ፣
ሰባ ሁለት በመቶ ላይ መብራት ሄዷል፤ ነገሩ እዚያው ተንጠለጠለ።
ሠላሳ ዓመት በቴሌ የሰው መስመር ስቀጥል ኖሬ፣
በገዛ ቤቴ መስመር ጠፋኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ዛሬ።

ምድር ቤት ፎቶ ኮፒ የሚያነሳውን ዐቤኔዘርን ቀሰቀስኩ፤
መጣ በቁምጣ፣ ጋቢ ተከናንቦ፤ ወንበሬን ለቀቅኩ።
«ጋሼ፣ ይሄ አልሞተም፤ ፊቱ ነው የጠፋው።
ቤቱ እንዳለ አለ፤ ዘበኛው ነው ያንቀላፋው።»
ሦስት ቁልፍ ባንዴ ተጫነ፣ እንደ ክራር ደርዳሪ ጣቶቹን ዘርግቶ፣
ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፣ ጥቁሩ መሃል ተከፍቶ።
የዘበኛውን ስም ፊደል በፊደል ሲጽፍ፣ እያጠራ፣
እኔም ከኋላው ቆሜ፣ በሹክሹክታ፣ አብሬው ስጣራ።

መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ከታች፣ ከጥግ፣ ሰዓቱ መጣ፦ በፈረንጅ፣ ሦስት ከሃምሳ፤
አቃፊዎቹም ተከተሉት፣ አንድ ባንድ፣ እንደ ቤተሰብ ከእንቅልፍ ሲነሳ።
ላንጋኖ ሄደን የተነሳነው የጀርባው ፎቶ ግን አልተመለሰም፤
«እሱም ሐዘን ተቀምጧል» አለ ዐቤኔዘር።
ልስቅ ነበር። ልጁ በሩ ላይ ነው። አልሳቅሁም።

ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ተራ ቁጥር ሰማንያ ሦስት፦
ትርንጎ ወልደ ሰንበት።
ከስማቸው ትይዩ ሦስት ቀይ ሳጥን፤ የሚያዝያ፣ የግንቦት፣ የሰኔ ውዝፍ።
ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦
«ሦስት ወር ያልከፈለ ከዝርዝሩ ይገደፍ።»

ውሃው ከልጁ ጫማ ምንጣፌ ላይ ይንጠባጠባል፤
ዐቤኔዘር ስክሪኑን አየና ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሏል።
ኮቴን ከበሩ ጀርባ አወረድኩ፤ ከውስጥ ኪሱ፣
ሦስት መቶ ብር አወጣሁ፣ የጡረታዬን፣ የወር ቀለቤን እሱ በእሱ።
የእድሩ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤
ደረሰኝ ቆረጥኩ፤ ቀኑን ግን ዘለልኩት።
ቀዩን ሳጥን በነጯ ቀስት ነካሁት፤
በሁለት ጣት፣ እንደምችለው፣ ጻፍኩ፦
ከፍለዋል።
ከፍለዋል።
ከፍለዋል።

«ለውጡ ይቀመጥ?» ብሎ ጠየቀኝ ማሽኑ።
አዎ።

ዐቤኔዘር ጋቢውን ለልጁ ደረበለት።
የኡራኤል ደወል ሲሰማ ስልኬን አነሳሁ፤
ከተራ ቁጥር አንድ።
ይጠራል።