የቆላችው ሰማይ

ሶህራ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፥ ባለርስት ነው፤
ጭሰኞቹ እኛ ነን፥ ግብሩን የምንከፍለው።
ሰኔ ሲገባ ግድግዳውን ያልበዋል፤
ጫማ በአንድ ሌሊት አረንጓዴ ጢም ያወጣል፤
ክብሪት ሲጭሩት ራሱን ይጥላል።

በቅየሳው መሥሪያ ቤት፥ ከንብረት ክፍሉ ውስጥ፥
ቴዎዶላይት ተኝቷል፥ በቲክ እንጨት ሣጥን፤
ናሱ ያልጠቆረ፥ ዓይኑ እንደ ሕፃን የሚያፈጥ።
ሳተላይት ከመጣ ወዲህ ጠያቂ የለውም፤
ከመዝገብ ግን አልተፋቀም፤
ያልተፋቀ ነገር ደግሞ፥ ኮንግ ቴይሊን እያለች አይሻግትም።

«ኮንግ» ማለት እታለም ነው በእኛ፤
እሷ ግን ለእኔ አለቃም ነበረች፥ ቁጡ ዳኛ።

ከአሮጌ ጥጥ ከረጢት ሰፍታ፥
እፍኝ ሲሊካ ጄል ሞልታ፥
ከመሣሪያው ጎን ታስተኛዋለች፤
ክዳኑን ገጥማ ጆሮዋን ትደፋለች፥
ውሃ ሲሰረቅ ድምፅ ያለው ይመስል።
ሰማያዊ ሆኖ የገባው ጠጠር
በሳምንቱ ሮዝ ሆኖ ይወጣል፤
«ሰክሯል» ትላለች፥ «መቆላት ይሻዋል።»

ቅዳሜ ቅዳሜ፥ በጓሮ፥ በከሰል፥
መጥበሻ ላይ ታምሰዋለች፥ ቀስ እያለች፥ እንዳይከስል።
የዘበኛው ልጅ ከረሜላ መስሎት እጁን ሲሰድ
በማንኪያው ጀርባ ቸብ! «ምላስህን ያደርቀዋል፥ ሂድ!»
ጠጠሩ ተንጣጥቶ እንፋሎቱን ይለቃል፤
ከዳር ጀምሮ፥ አንድ በአንድ፥ ይጠራል።
ሰማይ ከላይ በጠፋበት ወር
እኛ ጓሮ መጥበሻ ሙሉ ሰማይ ነበር።

«ማን ይፈልገዋል?» አልኳት አንድ ቀን።
«የሚፈለግበትን ቀን ባውቅማ
ጠንቋይ ሆኜ እበላ ነበር እንጂ
ንብረት ክፍል ምን ልሠራ!»

ሠላሳ አንድ ዓመት። በመስታወቱ ግን አላየችም፤
«ጠባቂ ነኝ» ባይ ናት፥ «ቀያሽ አይደለሁም።»

ጡረታ የወጣች ዕለት፥ በጥቅምት፥ ደመናው ተሰነጠቀ፤
የሲልሄት ሜዳ ከገደሉ ግርጌ በውሃ አብረቀረቀ።
ሣጥኑን ከፍቼ ሦስት እግሩ ላይ አቆምኩላት፤
እጇን በጃይንሴሟ ጠርጋ ዓይኗን ሰካችበት።
ዝም አለች። ዝም አለች።
«ተገልብጧል» አለች።
«የድሮ መስታወት ነው፥ ኮንግ፤ ሁሉን ገልብጦ ነው የሚያሳይ።»
«ዝም በል። ሜዳው ከላይ ነው፥ ከሥሩ ሰማይ፤
ያ ማዶ ያለው ካፊያ
ሽቅብ ይዘንባል፥ ከደመናው ወደ ሩዙ ማሳ...»
ከዚያ ሳቀች፥ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፦
«ይኼንንማ አውቀዋለሁ!
ውሃ ሽቅብ ሲሄድ
በየቅዳሜው መጥበሻዬ ላይ አይቼው የለ!»

ርክክብ ተፈራረምን፦ ቴዎዶላይት አንድ፥ ደህና፤
መጥበሻ አንድ፥ እጀታው የላላ፤ ማንኪያ አንድ።
ማታ ሣጥኑን ስከፍት ከረጢቱ ሮዝ ነው፤
ሆን ብላ ነው የተወችው።
ከሰል አቀጣጠልኩ።
ውጭ ደመናው ተመልሶ ነበር።