ሁለት ጣት ውሃ

ዘውገ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ ጠቅልሎ፣
የአሳውን መስታወት ከነውሃው አዝሎ
ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፣ ደረጃው እስኪርስ፤
አራት ወርቃማ አሳ፣ አንዱ ዓይነ ድፍርስ።
«ሰዓት ለሚጠግን ምን ያቅታል?» አለኝ፣
«ምግብ ቁንጥር ብቻ።» የውሃውን አልነገረኝ።

ውሃው ግን ይሄዳል፤ ሳይፈስ፣ ሳይቀዳ፣
እንደ ክፉ ተከራይ ሳይከፍል ዕዳ፣
በመጋቢት ፀሐይ፣ በመስኮቴ ስንጥቅ፣
ሁለት ጣት በሳምንት፣ ማንም ሳያውቅ።
የሚሄደው ውሃው ነው፤ ጨዉ ይቀራል፣
በመስታወቱ ጠርዝ ነጭ መስመር ይሠራል።

እኛ ሰፈር ደግሞ ቧንቧው ፈረቃ አለው፤
ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ዓርብን ማን አየው?
ስምንት ሰዓት ሲሆን ሲያንኮራፋ ብረቱ
ፎቁ ሁሉ ይነቃል፣ ባልዲው በየቤቱ።

የእህቴ አርባ ደርሶ ደብረ ብርሃን ልሄድ፣
ዐሥር ቀን ነው ቢያንስ፤ ውሃውስ ሲወርድ?
ማርሽ ያለው ነገር ሁሉ ይገባኛል፤
ውሃ ግን ሌላ ነው፣ ውሃ ያታልላል።

ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ከቁም ሳጥን በላይ።
የግሉኮስ ቱቦ፣ ከቸርችል ቁልቁለት ላይ፤
«ለበሽተኛ ነው?» ፋርማሲስቷ ጠየቀች፤
«ለአሳ ነው» ስላት ደግማ አየችኝ፣ ሳቀች።
ከጣሊያን ሰፈር ደግሞ፣ ከፈረሰ ሽንት ቤት፣
ተንሳፋፊ ኳስ አገኘሁ፣ ክንዱ የዛገበት።

ውሃው ዝቅ ሲል ኳሱ አብሮት ዝቅ ይላል፤
ክንዱ ቱቦውን ይለቃል፣ ጠብ... ጠብ... ይላል።
ሲሞላ ኳሱ ይነሣል፣
ቱቦውን ይቆነጥጣል፣ ዝም ይላል።
ይኸው ነው። ሰዓትም ይኸው ነው፦
መያዝና መልቀቅ።

በመጀመሪያው ሌሊት አልያዘም።
ክንዱ ዝገት ይዞት ኳሱ አልነሣም አለ፤
ሃያ ሊትር ውሃ ወለሉን አካለለ።
ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት በሬ ተደበደበ፤
ወይዘሮ ፈለቀች ናቸው፦ «ጣሪያዬ ዘነበ!
ቧንቧው ሦስት ሳምንት ድምፁ የጠፋበት ቤት፣
አንተ ከየት አምጥተህ ነው የምታፈስበት?»

ጨርቅ ይዤ ወረድኩ። ሳፋ ደቅነው ቆመዋል፤
«ተው አትጥረገው፣ ገና ይንጠባጠባል።
ቀጠሮ ከሚያፈርስ ቧንቧ ጣሪያ ይሻላል፤
ጠዋት መጋረጃዬን ያጥብልኛል።»

ዝገቱን በሎሚ አሸሁት። ዘይት ለአሳ ሞት ነው።
ሦስት ሌሊት ከኳሱ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።
ከዚያ በሚስቴ ጥፍር ቀለም፣ ከመሳቢያ በቀረ፣
የውሃውን ልክ አሰመርኩ፤
ስድስት ዓመት ሆኖት አልደረቀም ነበረ።

ቁልፉን ለወይዘሮ ፈለቀች ሰጠሁ፣ ለክፉ ቀን።
«ምናልባት ከጨመሩ፣ ውሃው ሁለት ሌሊት ይደር፤
ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል።»
«እኔንስ ማን እንዲህ ያስብልኝ ነበር?»

ዐሥር ያልኩት ቀን ዐሥራ ስድስት ሆነ፤
ከአርባው በኋላ የቤት ክርክር መጣ፣
ዘመዱ ሁሉ ሽማግሌ ሆነ።

በሬን ስከፍት ውሃው ቀዩ መስመር ላይ ነው።
ዓይነ ድፍርሱ አየኝ፣ ወይም አላየኝም።
ሂሳብ ሠራሁ፣ የሙያ ልማድ ነው፤
በሁለት ጣት በሳምንት፣
ጀሪካኑ እስካሁን መጋመስ ነበረበት።
ላነሣው ሞከርኩ።
እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

ወረድኩ። ሳፋው ደጃፋቸው ላይ
በአፉ ተደፍቷል፣ ደረቅ ነው።
«ውሃ መጥቶ ነበር?»
«የት መጥቶ!» አሉኝ፣
የመጋረጃውን ጠርዝ እየሰፉ፣ ቀና ሳይሉ፤
«ማሽንህ ግን ጎበዝ ነው።»