ውሃ ልክ

እሁድ ነው፤ ጡብ አይመጣ፣ ሲሚንቶ አይቦካ፣
ቢሆንም አጭሯን ውሃ ልክ በኪሴ ይዣት ወጥቻለሁ ለካ።
ረምዚ የቀለም ጣሳውን በሽቦ አንጠልጥሎ
መጣ፣ "ጀልባ ሣል ተባልኩ አቦ! ደቻቱ ዳር፣ ግድግዳ ላይ" ብሎ።
ባጃጅ ላይ ጥቅስ የሚጽፍ፣ የሱቅ ስም የሚያቀልም፣
አንበሳ ሥሏል፣ ከረሜላ ሥሏል፤ ጀልባ ግን አይቶ አያውቅም።
እኔም አላየሁ። ድሬ ተወልዶ፣ ድሬ ተዋልዶ
ከባቡር ሌላ ምን ያያል ሰው፣ የሚሄድ ቁልቁል ወርዶ?
"ፎላችንን በልተን" አለ፣ "ከተማዋን እንዙራት፤
የጀልባ ዘመድ አይጠፋትም፤ ብቻ በደንብ እንያት።"

ከዚራ ጀመርን።
መንገዱ በገመድ የተሰመረ፣ ጥላው የተቆረሰ፣
የድሬዳዋ ዛፍ አበባውን አስፋልት ላይ ያፈሰሰ፤
ምድር ባቡር ደጃፍ ቆሜ ቢጫውን ግንብ ለካሁት፣
ከነእርጅናው ቀጥ ብሏል፤ የሠራውን ሰው መረቅሁት።
ረምዚ ሽቅብ አንጋጦ የመስኮቱን ፐርሲያና
"መቅዘፊያ ነው" አለ፤ "ሙቀት የሚቀዝፍ፤ በል እስቲ ቀና።"
የሲጋራ ካርቶን ቀደደና ሦስት መስመር ነደፈ፣
ሰረዘው ደግሞ፤ እርሳሱን ጥርሱ ላይ አሳረፈ።

መጋላ ሌላ ነው።
እዚያ ግድግዳ እንደ ሰው ነው፣ ይደገፋል፣ ይንጋደዳል፣
ጎዳናው ሲሄድ፣ ሲሄድ የሰው ጓዳ ውስጥ ይወርዳል፤
ሰማያዊ በር፣ አረንጓዴ በር፣ ኖራ በኖራ ላይ፣
የተላጠውን ቀለም ብትቆጥር ስንት ዘመን፣ ስንት ተከራይ።
ውሃ ልኬን ብደግንበት አረፋዋ ሸሸች ወደ ጥግ፤
"ቤቱ ቆሟል" አለኝ ረምዚ፣ "አንተ ደግሞ ነገር አትፈልግ።"

ቀፊራ ስንደርስ ጎንበስ አለ፤ በእግሮቹ መሐል አሻግሮ
ቅስቶቹን ገልብጦ አያቸው፣ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጥሮ፤
"ጀልባ!" ብሎ ጮኸ። ቲማቲም ሻጮቹ ፈረሱ በሳቅ፤
እንጨት የጫነች ግመል ብቻ ዝም ብላ አየችን በሩቅ።
ከጥላው ስር ዋርሰሜ ጠራን፤ ሽማግሌው በወጣትነቱ
ጅቡቲ ወደብ ከረጢት ተሸክሟል፣ ይመሰክራል ማጅራቱ።
"ቅስት አይደለም" አለን፤ "ጀልባ ሲሠራ አይቻለሁ፤
ከጎድን ነው የሚጀመረው"፤ ሸሚዙን ገለጠ፣ "ይኸው፣ እኔ አለሁ።"
ረምዚ ሳይሰርዝ ሣለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስምንት፤
ሽማግሌው ትንፋሹን ይዞ ቆመለት እንደ ሐውልት።

ከዚያ ደቻቱ።
ወንዝ ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ኳስ ሜዳ ነው፣
ፍየል ነው፣ ላስቲክ ነው፣ ጎማ የሚነዳ ልጅ ነው።
ከአንድ ሌሊት በቀር። እሷን ሌሊት ማንም አያነሳ፤
ግድግዳው ብቻ ይዟታል፣ ከደረቴ ከፍ ብሎ፣ ቡናማ ጠባሳ።
ውሃ ልኬን አወጣሁና ጠባሳው ላይ አጋደምኳት፤
አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። አንስቼ ደግሜ ለካኋት።
ሃያ ዓመት ስገነባ እንዲህ የቀና መስመር አልሠራሁም፤
ለረምዚ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ አልተናገርኩም።

እሱም አይቶታል። የጀልባዋን ሆድ ልክ መስመሩ ላይ አስቀመጠ።
ከመስመሩ በታች ምንም አልቀባም።

ፀሐይ በረድ ሲል ሳምቡሳ ሻጯ መይሙና መጣች፤
ትሪዋን ራሷ ላይ እንዳደረገች ቆማ አየች፣ አየች።
"ስንት ሰው ትጭናለች?"
ረምዚ ቀልድ መስሎት "ስምንት፤ ከተጠጋጉ ዘጠኝ።"
"አይበቃም" አለች።
ሁለት ሳምቡሳ ሰጠችን፤ ብር አልተቀበለች።

ረምዚ ብሩሹን ነከረ።
ጎድን ጨመረ፤ ደግሞ ጎድን፤ ጀልባዋ ረዘመች፣
የመብራት ምሰሶውን አለፈች፣ ግድግዳውን ጨረሰች፣
ማዕዘኑን ዞራ ሰፈር ውስጥ ገባች።
እኔ ከፊት ከፊቱ ጠባሳውን በውሃ ልክ እየተከተልኩ፣
ቀለሙ ሲያልቅበት ኖራ በጠበጥኩ።
መሽቶ ዓይናችን ማየት ሲያቆም
"ስንት ደረሰ?" አልኩት።
"አልቆጠርኩም።"