የጎረቤት ድርሻ

ነገ ዐረፋ ነው፤ ጦሳ ፊቱን ሸፍኗል፣
ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ፒያሳን ውጧል።
ሉባባ ደወለች፣ «ኮምቦልቻ አርፈናል፣
ሐረጎን ይዘናል፤
ሹፌሩ በመብራት መንገድ ይዳብሳል።»
ከኋላዋ የልጇ ድምፅ፣ በማልሰማው ዓረብኛ፣
አንድ ነገር ይጠይቃል፤
ሲስቅ ግን፣ ሲስቅ እንደኛ።

እኔ ደጃፍ ቆሜ ሳህን እወለውላለሁ፤
ዳሩ ሰማያዊ፣ በአንድ በኩል የተሸረፈ፣
ባሕር ተሻግሮ መጥቶ
ሁለት ዓመት ከቁም ሣጥናችን፣ ከጋቢ ሥር ያሳለፈ።

ያን ጊዜ እንግዶቹ እኛ ነበርን፣ እኔና እናቴ፤
ዙሪያው ውሃ በሆነ አገር በዓል ስውል
የመጀመሪያዬ ነው በሕይወቴ።
ባሕሬን። ስድስተኛ ፎቅ። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፤
ሉባባ እሱን ለኛ ለቃ ከፍሪጁ ሥር አነጠፈች፣
«ለኔ ይሄ ነው የሚስማማኝ፣ ወለሉ ቀዝቀዝ ይላል ሲነጋ።»
እንድሪስ ባሏ ወደብ ላይ፣ የበዓል ተረኛ፤
ልጅቷ በመሀላችን፣ እግሯን እናቴ ላይ ጥላ የምትተኛ።

በጉን አላየነውም።
በላስቲክ መጣ፣ ታጥቦ፣ ተመዝኖ፣ ዋጋው ተለጥፎበት።
«ጭንቅላቱስ?» አለች እናቴ፣
ላስቲኩን ገልብጣ።
«እማ ደግሞ! ጭንቅላት ምን ያደርግልሻል?» ሉባባ ሳቀች።
እናቴ አልሳቀችም፤ እንደ ወትሮዋ
በዓይኗ መዝና በሦስት ከፈለች፤
ይሄ የቤት፣ ይሄ የሌለው ሰው፣
ይሄ የጎረቤት። «ጥሬውን ላያምኑን ይችላሉ፣
ጠብሰሽ፣ ሳይበርድ አድርሺው።»

ኮሪደሩ ላይ አራት በር፤
በየመሀሉ አንዳንድ ዓይን፣ ከውስጥ ብቻ የሚያይ።
ሉባባ ሳህኑን ይዛ ወጣች።
ቆየች።
ተመለሰች፣ እጇ ባዶ፣
«የዳሩ በር ሴትዮ ተቀበለችኝ፤ መረቀችኝም» አለች።
«ሳህኑስ?»
«ነገ ትመልሰዋለች።»
«ባዶውን እንዳይሆን ብቻ!»
እናቴ ደስ ብሏት ትራሷን አስተካከለች።

ሌሊት ቆሻሻ ልጥል ብወጣ፣
ከደረጃው ማዞሪያ፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን፣
ሳህኑ። እንደተሸፈነ።
ሥጋው ረግቶ፣ ሞራው ነጥቶ።
ዞር ስል እናቴ ከኋላዬ፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ።
አንድም ቃል አልተነጋገርን።
ስድስት ፎቅ በእግሯ ወርዳ
ለሕንፃው ዘበኛ፣ አገሩን ለማናውቀው ልጅ፣ ሰጠችው፤
እስኪበላ ጠብቃ፣ ሳህኑን አጥባ
ከሻንጣዋ ቀበረችው።
አንድ ማንኪያ ሲጎድል እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት
ስለዚያ ሳህን ዳግም ጠይቃ አታውቅም።

ጡሩምባ። ከጉሙ ሁለት ብርሃን፣
ቀጥሎ መኪና፣ ቀጥሎ ሉባባ፤
«ከሳሽ» «ወፈርሽ» ተባባልን፣ አገጫችን በዕንባ።
ልጅቷ ግን ወደ አጥሩ ሮጣ፣ ቁልቁል አይታ፣
«ባሕር! እዚህም አላቸው!»
አየሁ። እውነቷን ነው። ሰኞ ገበያ ሰጥሟል፣
የሸዋ በር ሚናራ ብቻ እንደ መርከብ ምሰሶ ቆሟል።
ደሴ፣ ለካ
አንዲት «ት» ናት የጎደለችሽ፤
እሷንም ዛሬ ጉሙ ጻፈልሽ።

እናቴ ከጓዳ ጀምራ ታዛለች፣
«ሉባባ! ነገ የጎረቤቱን አንቺ ነሽ የምታደርሺው፤
ለእነ ትዋብ ሥጋውን እንዳትወስጂ፣
የነሱ ድፎው ነው፣ ረሳሽው?»
ሉባባ አልመለሰችም። እጄን ታያለች።
አውራ ጣቷ ሄዶ የተሸረፈውን አገኘው።
«ይሄ ሳህን…»
እናቴ ወጣች። እፍኝ ተምር ጨመረችበት።
«አብሽሪ» አለቻት፣ ዓይኗን ሳታይ፣
«ያች ሴትዮ መልሳው ነው።
ባዶውንም አይደለም።»