ቀብድ

ከጉምሩኩ ጀርባ፣ ሞምፖስ፣ ወንዙ ዳር፣
በሩ ዝቅ ያለ ሱቅ፣ ኖራ የለበሰ አጥር፤
ረጅም ሰው ሲገባ ሳይወድ እጅ ይነሣል።
ኒካኖር ቅድመ አያቴ በሩን ሲተክል እንዲህ ብሏል፦
“ብርን እንደ ጸጉር ለሚያቀጥን እጅ
ጎንበስ ማለት ውርደት አይደል፣ ክብር ነው እንጂ።”

እኛ ዘንድ ሰም የለም፣ ወርቅ የሚሸሸግበት፤
ክር ብቻ ነው ያለን፣ ሁሉ የሚታይበት።
ተስቦ፣ ተጠምዞ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ታጥፎ፣
በቦራክስ ተጣብቆ፣ በነበልባል አልፎ።
ከብሩ ባዶው ይበዛል፤ ጌጡም ባዶው ነው መሰል፤
ኒካኖር ሲመዝን ግን ባዶውን አያስከፍል።

መርከብ በጭሱ ጣራውን በሚያጠቁርበት ዘመን
የእሳት ክፍል ሠራተኛ፣ ክሪሳንቶ የሚሉት ሰው፣
ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ከሰል የጠጣ እጁን
ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ የሚስቱን ጆሮ ልክ አሳየው።
መዝገቡ ዛሬም አለ፣ ምስጥ ከዳር የበላው፦
“ጥንድ ጉትቻ። ብር። ቅርጹ ዓሣ ነው።
ክብደት፦ ዐሥራ አንድ ግራም። ቀብድ፦ ግማሽ ተከፍሏል።
ቀሪውን ሲመለስ ከፍሎ ይወስዳል።”

አልተመለሰም።
“ሰጠመ” ያለ አለ፤ “ሌላ አገባ” ያለም።
ኒካኖር ሁለቱንም ሰማ፣ አንዱንም አላመነ፤
ዓሣዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከደነ።

ቀጥሎ ወንዙ ሄደ።
ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ሲወስድ፤
መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ባዶ መንገድ፤
መርከቡ በሌላ ቦይ ከተማችንን ዞራት፤
ገበያተኛም ረሳት።

ዴልፊና ልጁን ያኔ ባሏን ወባ ቀማት፤
ሚዛንና ሦስት ሕፃን ብቻ ነበር የቀራት።
ሴት ጉጠት ስትጨብጥ መንደሩ ቢስቅባት፣
በከፋው ቀን እንኳ ክር አልተበጠሰባት።
ቀለበቷን አቀለጠች፣ የጸጉሯን ማስያዣ፣
የክርስትና መስቀሏን፣ ለበቆሎ መግዣ።
“እነዚያ ዓሣዎችስ?” አላት የተራበ ልጇ።
“ግማሹ የሰው ነው፤ የቱ እንደሆነ ንገረኝና ልሽጠው”
አለችው፤ አልተንቀጠቀጠም እጇ።

ያ ልጅ አባቴ ነው፣ አቡንዲዮ።
ጎርፍ ሱቁን ሞልቶ ሲወጣ፣ የወለሉ ጣውላ ተነሣ፤
ጎረቤት ሁሉ ሲጥል እሱ አደረቀ፣ አቃጠለ፣ አመዱን አጠበ፤
ስልሳ ዓመት በስንጥቁ የሾለከ ድቃቂ ሰበሰበ፦
የኒካኖርን ሞረድ ትራፊ፣ የእናቱን መጋዝ ብናኝ፤
የድርጭት እንቁላል የምታህል ብር አገኘ።
ጣራ ገዛባት። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ጣራ ሥር ነው፤
ዝናብ ሲመታው እስከ ዛሬ ሞረድ ሞረድ የሚለው።

ብር ቂመኛ ነው፤ ካልነኩት ፊቱን ያጠቁራል።
ስለዚህ በሕማማት ረቡዕ፣ መቃብሩ ሁሉ ሻማ ሲለብስ፣
ዓሣዎቹን ፈትተን እንወለውላለን፣
“ቀስ” እያሉ አያቴ አባቴን፣ አባቴ እኔን፤
ቅርፊቱ እንዳይላላ፣ ዓይኑ እንዳይፈስ።

አሁን ባንኮኒው የእኔ ነው።
ባለፈው የካቲት ከካርታኼና የመጣ ነጋዴ አያቸው፤
“ያኔት፣ ዋጋ ጥሪ” አለኝ።
ዋጋ ያለ ክብደት አይጠራም፤ ሚዛን ላይ አኖርኳቸው፣
በኒካኖር ሚዛን፣ ኋላም በባትሪው፦
ዘጠኝ ከሩብ።
ደግሜ መዘንኩ። ዘጠኝ ከሩብ።

ሌባ አልነካቸው፣ እሳት አላያቸው።
ጨርቁን አነሣሁ፤ ጥቁሩን እድፍ አየሁ፤
ዘጠና ስድስት ሕማማት በጣታችን የጨረስናቸው
እኛው ነን፣ ስንጠብቃቸው።

ነጋዴውን ሸኘሁት። ሲወጣ በሩ ግንባሩን መታው።

መዝገቡን ገለጥኩ፤ ምስጡ ከበላው ዳር ራቅ አድርጌ
ከኒካኖር ቀለም ሥር በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦
“ከክሪሳንቶ፦ ግማሹ ሂሳብ ይቀራል።
ከእኛ፦ አንድ ግራም ከሦስት ሩብ ጎድሏል።
ሲመጣ እንተሳሰባለን።”